የሞተራችሁ ጌጅ ስንት ሊትር ይደብቃል? በራስ እጅ የመለካት መመሪያ

የሞተር ነዳጅ ጌጅ ይዋሻል። ይህን ለሞተር ሰው መንገር አያስፈልግም። ብዙዎች ልብ የማይሉት ጌጁ ሁሌም የሚዋሸው በአንድ ዓይነት መንገድ መሆኑን ነው። ዛሬ ቀስቱ መሐል ላይ ቆሞ ታንኩ ውስጥ አራት ሊትር ከተገኘ፣ በሚቀጥለው ወርም መሐል ላይ ሲቆም ያው አራት ሊትር አካባቢ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ጌጁን መቀየር የግድ አይደለም። አመሉን ማወቅ ይበቃል።

የሚያስፈልጋችሁ ደብተር ወይም የስልክ ማስታወሻ፣ ሊትር የተጻፈበት መስፈሪያ፣ ጂፒኤስ ያለው ስልክና የጥቂት ሳምንታት ትዕግሥት ነው። ዋናው ምሳሌዬ በክልል ከተሞች መንገዱን የሞሉት ባለ 100 እና ባለ 150 ሲሲ ሞተሮች ናቸው፤ ቦክሰር፣ ቲቪኤስና መሰሎቻቸው። ኢንጀክሽን ያላቸው፣ ማለትም ቤንዚኑን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጩ ሞተሮች የሚለዩበት ቦታ ላይ ለይቼ እናገራለሁ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በመኪና ሩብ ታንክ ማለት አሥር ሊትር ገደማ ነው። ጌጁ ትንሽ ቢሳሳትም ማደያ ያደርሳል። በትንሽ ሞተር ግን ሩብ ታንክ ከሦስት ሊትር አይበልጥም። በዚያ ላይ እኛ አገር ማደያ አለ ማለት ቤንዚን አለ ማለት አይደለም። ወረፋው አለ። ወረፋው ሲያልቅ «ቤንዚን የለም» መባሉ አለ። ከዚያ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ይቀራል፤ ዋጋው አይቀመስም፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። የቀረውን በትክክል የሚያውቅ ሰው ወረፋ የሚሰለፍበትን ቀን ራሱ ይመርጣል።

ጌጁ ለምን ይዋሻል?

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ምክንያቱን ካወቃችሁ ከታች ያሉት ሥራዎች በሙሉ ይቀላሉ።

የሞተር ታንክ ፍሬሙ ላይ እንደ ኮርቻ ነው የሚቀመጠው። ከሥሩ መሐሉ ጎድጓዳ ነው፤ የፍሬሙ ቧንቧ በዚያ ያልፋል። ግራና ቀኙ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ላይኛው ክፍል ሰፊ ነው፣ ታችኛው ጠባብ ነው። ከላይ አንድ ጣት ሲጎድል ብዙ ቤንዚን ሄዷል። ከታች አንድ ጣት ሲጎድል የሄደው ጥቂት ነው።

ታንኩ ውስጥ በቀጭን ክንድ የተያዘ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርዳል። ክንዱ ሲንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው ይለዋወጣል፣ ቀስቱም ያንን ተከትሎ ይዞራል። ልብ በሉ፤ ጌጁ የሚለካው ከፍታ እንጂ ሊትር አይደለም። በሊትርና በከፍታ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስተካክልለት ማንም የለም። ውድ በሆኑ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ኮምፒውተሩ የታንኩን ቅርጽ አውቆ ያስተካክላል። በተራው ሞተር ላይ ግን የሚታየው ቀጥታ የክንዱ አቋም ነው።

ሌላም አለ። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ተንሳፋፊው ጣሪያ ነክቶ ወይም ክንዱ መጨረሻው ደርሶ ይቆማል። ቤንዚኑ እስከዚያ ቦታ እስኪወርድ ድረስ ቀስቱ ሙሉ ላይ ንቅንቅ አይልም። «ሞተሬ ቤንዚን አይበላም» የሚለው ደስታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከታችም እንደዚያው ነው። ተንሳፋፊው ወለል አጠገብ ሲደርስ ጌጁ ባዶ ይላል፣ ታንኩ ግን ባዶ አይደለም። ብዙ አምራቾች ይህን ሆን ብለው ነው የሚያደርጉት። ቀድሞ የሚያስፈራ ጌጅ መንገድ ላይ ከሚያስቀር ጌጅ ይሻላል።

ዲጂታል ባር ያለው ዳሽቦርድ ብታዩ አትሞኙ። ከኋላው ያለው ያው ተንሳፋፊ ነው። እንዲያውም ባር ከቀስት የባሰ ይደብቃል። አንድ ባር ሊጠፋ ሲል እና ገና ሲጀመር መልኩ አንድ ነው።

ደረጃ 1፦ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፈትሹ

ከዚህ በኋላ የምንሠራው ስሌት በሙሉ በኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ራሱ ይፈተሽ።

ስልካችሁ ላይ ርቀት የሚቆጥር የጂፒኤስ መተግበሪያ ክፈቱ። ቀጥ ያለ ዋና መንገድ ምረጡ። ጠመዝማዛና ገደል ባለበት ጂፒኤሱም ይሳሳታል። 20 ኪሎ ሜትር ንዱና አወዳድሩ። ስልኩ 20 ብሎ ቆጣሪው 20.8 ካለ፣ ቆጣሪያችሁ 4 በመቶ ያህል ያጋንናል። ከእንግዲህ የምታነቡትን ሁሉ በ0.96 አባዙት።

የፍጥነት መለኪያው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ ብሎ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ እስከ 10 በመቶና 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ብሎ እንዲያሳይ ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ ፍጥነቱ ያጋንናል ማለት ርቀቱም በዚያው ልክ ያጋንናል ማለት አይደለም። ለየብቻ ፈትሹ።

ጎማ ከቀየራችሁ፣ በተለይ መጠኑ ካልተመሳሰለ፣ ይህን ደረጃ ድገሙት።

ደረጃ 2፦ በሊትር ስንት እንደሚሄድ እወቁ

ይህ ዋናው ሥራ ነው። «ሞተሬ በሊትር 50 ይሄዳል» የሚለው የሻጭ ወሬ ነው። የራሳችሁን ቁጥር አውጡ።

ታንኩን ሙሉ። አሞላሉ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ሞተሩ በጎን ማቆሚያው ከተደገፈ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አየር ጥግ ላይ ይታፈናል፣ ታንኩ ሳይሞላ የሞላ ይመስላል። የመሐል ማቆሚያ ካለው በእሱ አቁሙት። ከሌለው ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። አፉ ውስጥ አንድ ምልክት ምረጡ፤ የአንገቱ የታችኛው ጠርዝ ጥሩ ነው። ሁልጊዜ እስከዚያው ብቻ ሙሉ። እስከ አፉ ጢም አድርጎ መሙላት ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሙቀት 1 በመቶ ገደማ ያብጣል። በጠዋት ብርድ የተሞላ 11 ሊትር ታንክ ቆላ ወርዶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ሁለት ዲሲ ሊትር ያህል መሄጃ ይፈልጋል።

ትሪፑን፣ ማለትም ወደ ዜሮ የሚመለሰውን የጉዞ ቆጣሪ፣ ዜሮ አድርጉ። ትሪፕ ከሌለው ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። ከዚያ እንደ ልማዳችሁ ንዱ። ለፈተናው ብላችሁ አትጠንቀቁ፤ ቁጥሩ የእናንተን አነዳድ እንጂ የጨዋ ሰው አነዳድ እንዲያሳይ አንፈልግም።

በደንብ ሲጎድል እንደገና እስከዚያው ምልክት ሙሉ። የገባውን ሊትር ከማደያው ቆጣሪ አንብቡ። መቅዳት ሲጀመር ቆጣሪው ከዜሮ መነሣቱን ማየት አትርሱ። በብር ከቀዳችሁ ብሩን ለአንድ ሊትር ዋጋ አካፍሉት።

አሁን ኪሎ ሜትሩን ለሊትሩ አካፍሉ። 218 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 5.2 ሊትር ከገባ፣ በሊትር 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሁለት ሊትር ብቻ ተጠቅማችሁ አትለኩ። በአሞላል ላይ ሁለት ዲሲ ሊትር መሳሳት ያለ ነው። ከሁለት ሊትር ላይ ይህ 10 በመቶ ስሕተት ነው። ከስምንት ሊትር ላይ ግን 2.5 በመቶ ብቻ ነው። የጠራ ቁጥር የምትፈልጉ ከሆነ ታንኩ በደንብ እስኪጎድል ጠብቁ። ደግሞም አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትቁሙ። ቢያንስ አራት አምስት ሙሌት መዝግቡ፣ ከእያንዳንዱ ጎንም መንገዱን ጻፉ፤ ከተማ፣ አስፋልት፣ ፒስታ፣ ብቻዬን፣ ሰው ደርቤ፣ ዕቃ ጭኜ።

ቁጥሮቹ ይለያያሉ። መለያየታቸው ራሱ መረጃ ነው። ፍጥነት ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። የአየር ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው፤ ከ60 ወደ 80 ስትወጡ ነፋሱ የሚገፋችሁ ኃይል ወደ 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ትልቅ ጃኬት የለበሰና ከኋላ ጆንያ ያሰረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከፍታም አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) እዚያ ለአየሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይለቃል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ሞተራችሁ ቤንዚን እየደፋ ነው። ኢንጀክሽን ራሱን ያስተካክላል። የቆሸሸ ፊልትሮ፣ የደረቀ ካቴና፣ የላላ ጎማና የሚይዝ ፍሬን ደግሞ ለሁሉም እኩል ናቸው።

በውጭ አገር ሆናችሁ የምታነቡም የራሳችሁን ቁጥር ወደዚህ ማምጣት ትችላላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ማይል በጋሎኑን በ0.425 አባዙት፤ 50 ማይል በጋሎን በሊትር 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፓ ዳሽቦርዱ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሄደ ነው የሚጽፈው፤ 100ን ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። 4.5 ካለ 22 ነው።

ደረጃ 3፦ ሪዘርቩን ለኩ

ካርቡሬተር ያለው ሞተር ላይ ከጌጁ የበለጠ የሚታመን ነገር አለ። ሪዘርቭ ነው።

ከታንኩ ሥር ያለው የቤንዚን መክፈቻ ሁለት መግቢያ አለው። አንዱ እንደ ቱቦ ታንኩ ውስጥ ወደ ላይ ቆሟል። ሌላው ወለሉ አጠገብ ነው። መክፈቻው «ኦን» ላይ ሲሆን ቤንዚን የሚገባው በረጅሙ ቱቦ አፍ ነው። ቤንዚኑ ከዚያ በታች ሲወርድ ሞተሩ ኃይል ያጣል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ወደ ሪዘርቭ ስታዞሩት የታችኛው ይከፈትና የቀረው ይወርዳል። ሽቦ የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው፣ የሚበላሽ ተንሳፋፊ የለው። የቱቦው ቁመት ስለማይለወጥ የሪዘርቩ መጠንም አይለወጥም። እኔን ብትጠይቁኝ አምራቾች ይህን ነገር ከአዳዲስ ሞተሮች ላይ ማንሣታቸው ለነጂው ኪሳራ ነው።

አለካኩ ይህን ይመስላል። ቤታችሁ አካባቢ፣ ጭንቅንቅ በሌለበት መንገድ፣ መክፈቻው «ኦን» ላይ እንዳለ እስኪንተፋተፍ ንዱ። ሲጠፋ ትሪፑን ጻፉ። ሞተሩን ገፍታችሁ ግቢ አስገቡና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ጎማ ቱቦ ንቀሉ፣ ጫፉን መስፈሪያው ውስጥ አስገቡ፣ መክፈቻውን ወደ ሪዘርቭ አዙሩ። የወረደው ሁሉ የእናንተ ሪዘርቭ ነው። መስፈሪያ ከሌላችሁ በሚዛን ይሆናል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ገደማ ይመዝናል። የመያዣውን ክብደት መቀነስ አትርሱ።

ይህ ሥራ ደጅ ላይ ነው የሚሠራው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ራቅ ያለ እሳት ጋ ይደርሳል። ሲጋራ፣ ከሰል ምድጃ፣ የቡና ጀበና የተጣደበት ግቢ፣ የሚሠራ ጀነሬተር አጠገብ አይሆንም። ልጆችን አርቁ። መያዣውን በእጅ አንጠልጥላችሁ ሳይሆን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ቅዱ። የውሃ ሃይላንድ ለዚህ አይመከርም፤ ይሰነጠቃል፣ በሙቀት ያብጣል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ቱቦ መንቀል የማትፈልጉ ቀላሉን መንገድ ያዙ። ወደ ሪዘርቭ አዙራችሁ ቀጥታ ወደ ማደያ ሂዱ፣ እስከ ምልክታችሁ ሙሉ፣ የገባውን ከታንኩ መጠን ቀንሱ። የታንኩን መጠን ከሞተሩ መመሪያ ታገኙታላችሁ። ትንሽ ይዛነፋል፤ ግን ለሥራ ይበቃል።

አንድ ወጥመድ አለ። ቤንዚን ከሞላችሁ በኋላ መክፈቻውን ወደ «ኦን» መመለስ ትረሳላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ሞተሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲጠፋ ሪዘርቩም አብሮ አልቋል። የታንኩን ክዳን ስትዘጉ እጃችሁ በዚያው ወደ መክፈቻው ይሂድ። ሞተር ለሰው ስታውሱም መጀመሪያ የምትናገሩት ይህን ይሁን።

ኢንጀክሽን ያላቸው ሞተሮች ላይ ይህን ፈተና አታድርጉ። የቤንዚን ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው፣ የሚያቀዘቅዘውም ቤንዚኑ ራሱ ነው። ባዶ ታንክ ላይ ማሠራት ፓምፑን ያቃጥላል። ለእነዚህ ሪዘርቭ ማለት የማስጠንቀቂያ መብራቱ ነው። መብራቱ ጸንቶ ሲበራ ትሪፑን ጻፉ፣ ማደያ ሄዳችሁ ሙሉ፣ የገባውን ከታንኩ መጠን ቀንሱ። ያገኛችሁት መብራቱ ሲበራ የሚቀረው ነው። ከዚያ ላይ ፓምፑ ሊስበው የማይችለውን ለመጠባበቂያ ግማሽ ሊትር ያህል ቀንሱ።

«ጸንቶ» ያልኩት በምክንያት ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ መብራቱን የሚያበራው ሙቀት የሚሰማው ትንሽ የኤሌክትሪክ ክፍል ነው። ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ሳለ ይቀዘቅዛል፣ መብራቱ ይጠፋል። ቤንዚኑ ሲሸሸው ይሞቃል፣ መብራቱ ይበራል። ዳገት ላይ ወይም ፍሬን ስትይዙ ቤንዚኑ ወደ አንድ ወገን ስለሚሄድ መብራቱ ቀድሞ ብልጭ ሊል ይችላል። ሜዳ ላይ የሚበራውን ነው የምትመዘግቡት።

ደረጃ 4፦ የጌጁን ካርታ ሥሩ

ሪዘርቭ ላይ ደርሶ ታንኩ ከጎደለ፣ አጋጣሚውን ተጠቀሙበት። በጀሪካን የተለካ ቤንዚን ይዛችሁ አንድ አንድ ሊትር ጨምሩ። ከእያንዳንዱ ሊትር በኋላ ሞተሩን ቀጥ አድርጉ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ቀስቱ እስኪረጋ ጠብቁ። አንዳንድ ጌጅ እንዳይወዛወዝ ሆን ተብሎ ዘገምተኛ ተደርጓል፤ ግማሽ ደቂቃ ስጡት። ከዚያ የቆመበትን ጻፉ ወይም ፎቶ አንሡ።

ውጤቱ ያስገርማል። ለምሳሌ 11 ሊትር በሚይዝ ታንክ ቀስቱ ከ9 ሊትር ጀምሮ ሙሉ ሊል፣ መሐሉ ላይ 4 ሊትር ብቻ ሊኖር፣ ባዶ ሲል ደግሞ 1.5 ሊትር ሊተርፍ ይችላል። የእናንተ ከዚህ ይለያል። አካሄዱ ግን ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ይረዝማል፣ ሁለተኛው ግማሽ ይሮጣል። ፎቶዎቹን ስልክ ላይ አንድ ቦታ አስቀምጡ። ባር ላለው ሞተር የሚጻፈው ባሩ የተቀየረበት ቅጽበት ነው፤ «ከሦስት ወደ ሁለት ሲወርድ ስንት ሊትር ነበር» የሚለው ብቻ ዋጋ አለው።

አንድ ጊዜ ደግሞ በጎን ማቆሚያው አቁማችሁ እዩት። ተንሳፋፊው ባለበት ወገን ላይ ተመሥርቶ ቀስቱ ሊወጣ ወይም ሊወርድ ይችላል። ጠዋት «ቤንዚን ተሰረቀብኝ» ብላችሁ ዘበኛውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ እንደገና ተመልከቱ።

ደረጃ 5፦ የጉዞ ርቀታችሁን አስሉ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አማካዩን ይወስድና ይሳሳታል። ለዕቅድ የሚያገለግለው ከመዘገባችሁት ሁሉ መጥፎው ቁጥር ነው። ነፋስ፣ ዳገትና ሸክም አንድ ቀን አብረው ይመጣሉ።

በቁጥር እንየው። ታንኩ 11 ሊትር፣ ሪዘርቩ 2 ሊትር፣ አማካዩ በሊትር 42፣ መጥፎው 35 ይሁን። ባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 360። በአማካዩ ስታሰሉት ሪዘርቭ ሳይነካ 9 ሲባዛ 42፣ 378 ይሆናል፤ ይበቃል ትላላችሁ። በመጥፎው ሲሰላ ግን 9 ሲባዛ 35፣ 315 ነው። መመለሻ ላይ ሪዘርቭ ውስጥ ትገባላችሁ። ሪዘርቩ 70 ኪሎ ሜትር ስለሚሰጥ ቤት ትደርሱ ይሆናል። ግን ሪዘርቭ የተዘጋ መንገድና ባዶ ማደያ ላጋጠመ ቀን ነው እንጂ ዕቅድ ውስጥ አይገባም። ጎንደር ላይ ቅዱ።

ከዚህ ስሌት አንድ ቁጥር አውጡና በቃላችሁ ያዙ፤ ትሪፑ ስንት ሲል ማደያ ትፈልጋላችሁ? እኔ የመጥፎውን አራት አምስተኛ እወስዳለሁ። 315 ከሆነ 250 ነው። ይህን ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉት። ከዚያ በኋላ ዓይናችሁ የሚያየው ትሪፑን ይሁን፤ ጌጁ ሁለተኛ ምስክር ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ፣ ለምሳሌ ትሪፑ ገና 120 ሆኖ ጌጁ ካርታችሁ ከሚለው በታች ከወረደ፣ ወይ ቤንዚን ይፈሳል፣ ወይ ማደያው አጉድሏል፣ ወይ ሰው ቀድቷል። ለዚህ ለዚህ ጌጅ ጥሩ ነው።

ዳሽቦርዱ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ቀረ» ካለስ?

አዳዲስ ሞተሮች ይህን ቁጥር በደማቁ ያሳያሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሩ የተከፈተበትን ጊዜ ቆጥሮ ስንት ቤንዚን እንደሄደ ያውቃል። በቅርቡ የተጠቀማችሁበትን አማካይ ወስዶ ቀርቷል ብሎ በሚገምተው ሊትር ያባዛል። የሄደውን በደንብ ያውቀዋል። የቀረውን ግን የሚነግረው ያው ተንሳፋፊ ነው። የሚመጣውን መንገድ ደግሞ ጨርሶ አያውቅም።

ይህን ለማየት ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መውረድ በቂ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በማርሽ ይዛችሁ ቤንዚን ሳትሰጡ ስትወርዱ ኢንጀክሽኑ ቤንዚን ጨርሶ ይዘጋል። ኮምፒውተሩ «ይህ ሰው ቤንዚን አይበላም» ብሎ ይደመድምና ቁጥሩ እየወረዳችሁ ይጨምራል። ከድልድዩ ወዲያ የደጀን ዳገት ይጀምራል። አሁን በሁለትና በሦስት ማርሽ ነው። ቁጥሩ ከሄዳችሁት ኪሎ ሜትር እጥፍ እየዘለለ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፤ የኋላውን እያየ የፊቱን ስለሚገምት ነው።

ስለዚህ ከወረዳችሁበት በኋላ የሚታየውን ቁጥር አትመኑ፣ ከወጣችሁበት በኋላ ያለውም አያስደንግጣችሁ። የተሻለው ነገር አማካይ ፍጆታ የሚለውን ገጽ ከሙሌት እስከ ሙሌት ብቻ ማንበብና በደረጃ 2 ካገኛችሁት ጋር ማወዳደር ነው። ሁልጊዜ 5 በመቶ የሚያሞግስ ከሆነ ሁልጊዜ 5 በመቶ ቀንሱለት። ብዙ የያማሃ ሞተሮች ቤንዚን ሲያንስ ግምቱን ትተው ከዚያ በኋላ የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር መቁጠር ይጀምራሉ። ይህን ከሁሉም እመርጠዋለሁ። የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚናገረው።

የኤሌክትሪክ ሞተር የገዛችሁም አመሉ ይመሳሰላል። ርካሾቹ የባትሪውን መጠን በቮልቴጅ ነው የሚገምቱት። ዳገት ላይ ቮልቴጁ ይወርድና ባሩ ይጠፋል፤ ቆማችሁ ስታርፉ ተመልሶ ይመጣል። ቆማችሁ ያያችሁት ባር አያታልላችሁ። እናንተም በሊትር ፈንታ ከሙሉ ቻርጅ እስከ ሙሉ ቻርጅ ኪሎ ሜትር ቁጠሩ።

ጠፋ፤ ግን ቤንዚኑ አልቋል?

መንገድ ላይ ሞተሩ ቀጥ ሲል ቤንዚን ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት የታንኩን ክዳን ክፈቱ። ሲከፈት «ሽሽ» ካለና ሞተሩ ከተነሣ፣ ችግሩ የክዳኑ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ መደፈኑ ነው። አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድም። ጭቃና አቧራ ነው የሚደፍነው፤ በቀጭን ሽቦ ይጠረጋል።

ሞተሩን ወዘወዙት። ድምፅ ካለው ቤንዚን አለ። በኮርቻው ቅርጽ ምክንያት ከመክፈቻው በሌላው ወገን ጥቂት ቤንዚን ታፍኖ ይቀራል። ሞተሩን መክፈቻው ወዳለበት ወገን በደንብ አዘንብላችሁ ቀጥ አድርጉት። የተረፈው ይሻገራል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትርም ያስኬዳል።

ሪዘርቭ ላይ አዙራችሁም ካልተነሣ መክፈቻው ቆሽሾ ይሆናል። ሪዘርቭን ጨርሶ የማይጠቀም ሰው ታንክ ሥር ዝገትና ውሃ ይጠራቀማል። ዝናብ ወቅት ላይ፣ ወይም የመንገድ ዳር ቤንዚን ከቀዳችሁ በኋላ፣ ጥቂት ወደ ንጹሕ ብርጭቆ አውርዳችሁ እዩ። ውሃ ከሥር ይተኛል።

ጌጁ በእውነት ተበላሽቶ ከሆነ

አመልና ብልሽት ይለያያሉ። ቀስቱ በየጊዜው በተለያየ ቦታ ከቆመ፣ ከዘለለ፣ ወይም አንድ ቦታ ደርቆ ከቀረ ይህ ብልሽት ነው።

መጀመሪያ ከታንኩ ሥር ያለውን የሽቦ ማገናኛ ንቀሉና አጽዱ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እሱና የምድር ሽቦው ነው፤ ውሃ ይገባበታል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ካልተስተካከለ ታንኩን አራግፉና ተንሳፋፊውን ከነክንዱ አውጡት። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፎች ያዙ፣ ክንዱን ቀስ ብላችሁ ከታች ወደ ላይ አንሡ። ቁጥሩ ሳይቆራረጥ መለወጥ አለበት። መሐል ላይ ከዘለለ ወይም ከጠፋ መንገዱ ተበልቷል፤ መቀየር ነው። ሲወዘወዝ ተንሳፋፊው ውስጥ ቤንዚን ከተሰማችሁ ተቀድዷል። ጌጁ ሁሌ ባዶ የሚለው ለዚህ ነው።

ክንዱን አጣምሞ «ማስተካከል» የሚሉ መካኒኮች አሉ። ይቻላል። ታች ላይ ያለውን ስታስተካክሉ ግን ላይኛው ይዛባል። ክንዱን ካጠመማችሁት፣ ወይም አዲስ ክፍል ካስገባችሁ፣ የድሮውን ፎቶ ሰርዙና ደረጃ 4ን ከአንደኛው ሊትር ጀምሩ።